የተቀደደው ወረቀት

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። በሰሜን ቨርጂኒያ፣ አበሻ በብዛት ከሚኖርባቸው ሰፈሮች በአንዱ፣ መኪና ገብቶበት የማያውቅ ጋራዥ አለ። መደርደሪያዎቹ በተከፈቱ ሬዲዮኖች፣ በቴፕ ማጫወቻዎችና በሽቦ ጥቅሎች ተጨናንቀዋል። ወለሉ ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ ተነጥፎ አንድ ከባድ ጥቁር ሳጥን በፊቱ ተደፍቷል። የጋራዡ ባለቤት፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሙዚቃ ዕቃ ሲጠግኑ የኖሩ ሽማግሌ፣ የሳጥኑን ጀርባ በካቻቢቴ ይፈታሉ። ወጣቱ ጊታሪስት ብሎኖቹን አንድ በአንድ እየተቀበለ ባዶ የቡና ቆርቆሮ ውስጥ ይጥላል።

የኮምፔንሳቶው ክዳን ሲነሳ ታፍኖ የቆየ የእንጨትና የአቧራ ሽታ ወጣ። ውስጡ ሁለት ስፒከሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ እያንዳንዳቸው አሥራ ሁለት ኢንች፣ ጀርባቸው ላይ አረንጓዴ የፕላስቲክ ክዳን ያላቸው። ሽማግሌው ብሎኖቹን ፈትተው ሁለቱንም አወጡና በእጅ ባትሪ አዩዋቸው። የግራው ወረቀት ከጠርዙ ተነሥቶ ወደ መሀል የጣት ርዝመት ያህል ተቀድዷል። የቀኙ ለዓይን ምንም አልሆነም። ሁለት አውራ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ ግራና ቀኝ አሳርፈው በቀስታ ገፋ፣ ለቀቅ አደረጉት። ደረቅ ቅጠል በእጅ ሲታሽ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ መጣ።

«ጋሼ፣ አበቃለት እንዴ?» አለ ወጣቱ።

«ቆይ እስቲ ልጄ፣ ሳይሞት አንቅበረው።»

ወጣቱ ሦስት ወር ተቸግሯል። ሰርግ ላይ ወፍራሙን ክር ሲመታ ከድምፁ ጋር አብሮ ሌላ ነገር ይንሿሿል። መጀመሪያ ክሩን ቀየረ። ቀጥሎ ገመዱን። ከዚያ የአምፕሊፋየሩን ቲዩቦች በውድ ዋጋ ገዝቶ ለወጠ። መንሿሿቱ ግን እዚያው ነው። ስፒከሩን የጠረጠረ ሰው አልነበረም። ከጊታሪስቶች ጋር በቆየሁባቸው ዓመታት ይህን ታሪክ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ ሁሌም የመጨረሻው ተጠርጣሪ ስፒከሩ ነው።

ከክሩ እስከ ጆሮ

ስለ ኤሌክትሪክ ጊታር ሲወራ የሚወራው ስለ ጊታሩ ነው፤ ቢበዛ ስለ አምፕሊፋየሩ። አዳማጩ ጆሮ ላይ የሚደርሰው ድምፅ ግን ከሁለቱም አይወጣም። የሚወጣው እንደ ጥልቅ ሰሃን ከጎደጎደ ወረቀት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። በብረት ክፈፍ ላይ አንድ ማግኔት ታስሯል። በማግኔቱ ጠባብ ክፍተት ውስጥ በቀጭን ሽቦ የተጠመጠመ ቀለበት ተንጠልጥሏል። ቀለበቱ ከወረቀቱ ጋር ተጣብቋል። ከአምፕሊፋየሩ የሚመጣው ኤሌክትሪክ በሽቦው ሲመላለስ ቀለበቱ ወደፊትና ወደኋላ ይላል፤ ወረቀቱንም ይዞት ይሄዳል፤ ወረቀቱ አየሩን ይመታል። ከበሮ ነው ማለት ይቻላል፤ መቺው ግን ከውስጥ ነው። ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ የተባሉ አሜሪካውያን መሐንዲሶች ይህን አሠራር ዛሬ በምናውቀው መልኩ በጽሑፍ ካቀረቡ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ጊዜው በፈረንጆቹ 1925 ነበር። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በፈረንጆቹ ናቸው።



ቤት ውስጥ ሙዚቃ የምንሰማበት ስፒከር የሚመሰገነው በታማኝነቱ ነው፤ የተሰጠውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ያደርሳል። የጊታር ስፒከር ይጨምራልም፣ ይቀንሳልም። ከአምስት ሺህ ኸርዝ በላይ ያለውን ሹል ድምፅ ከሞላ ጎደል አያሳልፍም፤ ለሌላው ሙዚቃ ጉድለት የሆነው ይህ ባሕርይ ለጊታር ጸጋ ነው። አምፕሊፋየሩ ከአቅሙ በላይ ሲገፋ የሚወጣው ሻካራ ድምፅ ያለዚህ ማጣሪያ ቢሰማ ጆሮ ላይ የሰፈረ የንብ መንጋ ይሆናል። ስለዚህ ስፒከር የሚቀይር ሰው የሳጥኑን ጉሮሮ እየቀየረ መሆኑን ይወቅ። ያው ጊታር፣ ያው አምፕ፣ ያው ጣት ሆኖ ሌላ ሰው የሚጫወት ይመስላል።

ሰማያዊውና አረንጓዴው

የወጣቱ ሳጥን ራሱ የድሮ አይደለም፤ የድሮውን አርአያ ተከትሎ የተሠራ ነው። አርአያው ቮክስ ኤሲ 30 ይባላል። የትውልድ ቦታው ከለንደን በስተምሥራቅ፣ በኬንት አውራጃ ያለችው ዳርትፎርድ ናት። በ1950ዎቹ መጨረሻ ቶም ጄኒንግስ የተባለ ነጋዴና ዲክ ዴኒ የተባለ፣ ራሱም ጊታር የሚጫወት ባለሙያ 15 ዋት አምፕሊፋየር አወጡ። ወጣቶቹ ባንዶች ግን በአዳራሽ ጩኸት መሀል መሰማት ፈለጉ፤ አንድ የነበረው ስፒከር ሁለት ሆነ፣ 15ቱም ዋት 30። ቢትልስ በየአገሩ ሲዞሩ ከጀርባቸው የሚታየው ሳጥን የቮክስ ነው።

ስፒከሩን የሠራው ሴለስቲየን የተባለ የእንግሊዝ ፋብሪካ ነው። በሬዲዮ ዘመን የኖረውን አሥራ ሁለት ኢንች ስፒከሩን ለጊታር እንዲመች አሻሻለውና ሰማያዊ ቀለም ቀባው። «ብሉ» የሚለው ስም እስከ ዛሬ አብሮት አለ። አንዱ የሚችለው 15 ዋት ብቻ ነው፤ ሁለቱ ተደምረው ልክ ሠላሳ፣ አንድም ትርፍ የላቸውም።

በሌላው የለንደን ጫፍ፣ በሀንዌል፣ ጂም ማርሻል የተባለ ከበሮ መቺና የከበሮ አስተማሪ የሙዚቃ ዕቃ ሱቅ ነበረው። በ1962 የራሱን አምፕ መሸጥ ጀመረ። የሱ ሳጥን አራት ስፒከር ይይዛል፣ ጀርባውም ድፍን ነው። ጥቂት ቆይቶ ሴለስቲየን ርካሽ የሴራሚክ ማግኔት ያለው፣ ጀርባው በአረንጓዴ ፕላስቲክ የተሸፈነ ስፒከር አመጣ፤ «ግሪንባክ» ተባለ። ኤሪክ ክላፕተን በ1966 ከጆን ማዮል ጋር ሲቀዳ ስቱዲዮ ውስጥ ማርሻሉን እስከ ጥግ ከፍቶ ተጫወተ፤ ብዙ የሮክ ጊታሪስቶች ከዚያ ቀን ወዲህ የሚፈልጉት ድምፅ ያ ነው።

አሜሪካኖቹ የራሳቸው መንገድ አላቸው። ካሊፎርኒያ ውስጥ በፉለርተን ሊዮ ፌንደር ለሠራቸው አምፖች ጄንሰን የተባለው ስፒከር ለዓመታት አብሯቸው ኖሯል፤ መሥራቹ ከዴንማርክ የመጣው ፒተር ጄንሰን ነው። ጀርባው ላይ በፒ የሚጀምር ጽሑፍ ካያችሁ ማግኔቱ አልኒኮ ነው፤ በሲ የሚጀምር ከሆነ ሴራሚክ።

አልኒኮ የሚለው ስም አልሙኒየም፣ ኒኬልና ኮባልት ከሚሉት መነሻ ፊደላት የተገጣጠመ ነው። ኮባልቱ በብዛት የሚወጣው ከኮንጎ ምድር ነው። ሴራሚኩ የብረት ዝገት ዘመድ ከሆነ ዱቄት ስለሚጋገር ዋጋው ዝቅ ይላል፤ ፋብሪካዎቹም በ1960ዎቹ ወደዚያው አዘነበሉ። በ1978 የዛየር ሻባ ግዛት በጦርነት ስትታመስ የኮባልት ዋጋ ሰማይ ነካ፤ ከዚያ በኋላ አልኒኮ የቅንጦት ዕቃ ሆኖ ቀረ። ዛሬ አንድ ሰማያዊ ስፒከር ለመግዛት የሚያመነታ ጊታሪስት ሁሉ፣ ሳያውቀው ከመካከለኛው አፍሪካ ማዕድን ጋር እየተደራደረ ነው።

ልዩነቱ ይሰማል ወይ? ተጫዋቾቹ አዎ ይላሉ። አልኒኮው ጮክ ሲባል ትንሽ እሺ ይላል፣ ይለሳለሳል፤ የላይኛው ድምፁ እንደ ቃጭል ይጠራል። አረንጓዴው ሴራሚክ ደግሞ መሀሉ ሞላ፣ ጫፉ ደብዘዝ ይላል። አንድ የመድረክ ድምፅ ባለሙያ ግን በዚህ አይስማሙም። «ሰው ስለ ማግኔት ያወራል፤ የሚሰማው ወረቀቱን ነው» ይላሉ። የወረቀቱ ውፍረት፣ የጠርዙ እጥፋት፣ የተቀባው ቅባት፣ የሽቦው ቀለበት ክብደት፣ እነዚህ ከማግኔቱ በላይ ድምፁን ይወስናሉ ባይ ናቸው። እኔ ወደሳቸው አደላለሁ፤ ሁለት የተለያዩ ሴራሚክ ስፒከሮች እርስ በርስ ያላቸው ልዩነት ከአልኒኮው ካላቸው ልዩነት ሲበልጥ በጆሮዬ ሰምቻለሁና።

ስድስቱ እንዴት ስምንት ሆነ?

ጋራዡ ውስጥ ሽማግሌው ቴስተራቸውን አውጥተው ሁለቱን ሽቦዎች በግራው ስፒከር ጫፎች ላይ ነኩ። ቁጥሩ ስድስት ተኩል ግድም ላይ ቆመ።

«ስምንት ኦም ነው» አሉ።

«ስድስት እኮ ነው የሚለው፣ ጋሼ!»

«ቆሞ ስድስት ነው። ሲሠራ ስምንት።»

ቴስተሩ የሚለካው ዝም ያለውን ሽቦ ነው። ድምፅ ሲያልፍበትና ቀለበቱ ሲንቀሳቀስ በኦም የሚለካው የሽቦው እንቢታ ከፍ ይላል፤ ፋብሪካው የሚጽፈው ያንን ነው። 16 ኦም የተባለው ደግሞ ቆሞ ሲለካ 12 ወይም 13 ያህል ያሳያል። ይህን ሳያውቁ የደህና ስፒከር ቁጥር አንሷል ብለው የጣሉ አሉ።

ኦም በምርጫ ሳይሆን በግዴታ የሚታይ ነገር ነው። የወጣቱ አምፕ ጀርባ ላይ 16 ተብሎ ተጽፏል። ሁለት ባለ 8 ስፒከሮች በተከታታይ ሲታሰሩ 16 ይሆናሉ፤ ጎን ለጎን ከታሰሩ 4። ለቲዩብ አምፕ ይህ ቁጥር ከአምፑ ጋር መግጠሙ የሕይወት ጉዳይ ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ስፒከር ሳይሰካ አብርቶ መጫወት ነው። እኔ ከዓመታት በፊት በአንድ የድምፅ ልምምድ ላይ የሳጥኑን ገመድ መሰካት ረስቼ፣ ድምፅ ለምን ጠፋ ብዬ አምፑን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር ተቃጠለ። የተበደርኩት አምፕ ነበር፤ ባለቤቱ ሲሰማ ያሳየኝ ፊት እስካሁን አይጠፋኝም። ከዚያ ወዲህ ማብሪያውን ከመንካቴ በፊት በእጄ ገመዱን ሳልዳስስ አላልፍም፤ አንባቢም እንዲያ ቢያደርግ እመክራለሁ።

ዋቱ ቀላል ይመስላል፤ 30 ዋት አምፕ 30 ዋት ስፒከር ይፈልጋል የሚሉ ብዙ ናቸው። ቲዩብ አምፕ ግን ከአቅሙ በላይ ሲገፋ ከተጻፈበት በላይ ይሰጣል፤ አጥብቆ የሚጫወት ሰው ለአንድ ስፒከር ሳጥን እጥፍ ቢይዝ ይሻለዋል። ስምም አያታልላችሁ። «ቪንቴጅ 30» የሚባለው ታዋቂ የሴለስቲየን ስፒከር የሚችለው 60 ዋት ነው።

ሰው የማያየው ቁጥር ግን አንድ አለ፤ ስፒከሩ በአንድ ዋት ምን ያህል ይጮሃል የሚለው፣ በዴሲቤል የሚጻፈው። የሦስት ዴሲቤል ልዩነት የአምፑን ጉልበት እጥፍ እንደማድረግ ነው። ብሉ 100 ነው፣ ግሪንባክ 98 ግድም። አነስተኛ አምፕ ይዞ ከከበሮና ከሳክስፎን ጋር የሚታገል ጊታሪስት አዲስ አምፕ ከመግዛቱ በፊት ይህን ቁጥር ያንብብ። በአንጻሩ በምሽት ክበብ ዝቅ አድርግ እየተባለ የሚሰደብ ሰው ዝቅ ያለውን ቢመርጥ አምፑን እንደልቡ መክፈት ይችላል። ሁለት የተለያዩ ስፒከሮች በአንድ ሳጥን የሚያስር ደግሞ ቁጥራቸው የተቀራረበ ይሁን፤ አለዚያ ጯሂው ሌላውን ይውጠዋል።

ምላጭና እርሳስ

የተቀደደ ወረቀት ሁልጊዜ ጥፋት አልነበረም። አሜሪካዊው ሊንክ ሬይ በ1958 «ራምብል» ለተባለው ሙዚቃው የሻከረ ድምፅ ሲፈልግ ስፒከሩን በእርሳስ እንደበሳው ይነገራል። በ1964 ደግሞ የኪንክስ ባንድ ጊታሪስት ዴቭ ዴቪስ የትንሽ አምፑን የስፒከር ወረቀት በምላጭ ተለተለው፤ ያ ድምፅ በዓለም ዙሪያ ተሰማ። ዛሬ በእግር ከሚረገጡት የማሻከሪያ ሳጥኖች ብዙዎቹ የሚፈልጉት እንዲህ ያለውን የሻከረ ድምፅ ነው።

ግን እነዚያ ሰዎች የቀደዱት አውቀው ነው። የወጣቱ ወረቀት ሳጥኑ ከቫን ሲወርድ የበር እጀታ ወግቶት ነው የተቀደደው፤ እንደ ሊንክ ሬይ መጫወት ደግሞ አይፈልግም።

ትዝታ በየትኛው ወረቀት?

ዋሽንግተንና አካባቢዋ ለአበሻ ጊታር እንግዳ አይደሉም። በደርግ ዘመን፣ ሰዓት እላፊው በጸናበት ወቅት፣ የአዲስ አበባ ባንዶች በየሆቴሉ እስኪነጋ ይጫወቱ ነበር፤ ታዳሚው መውጣት አይችልማ። ከነዚያ አንዱ የሂልተኑ ዋልያስ ባንድ በ1981 ወደ አሜሪካ መጣና ከአባላቱ ከፊሎቹ እዚሁ ቀሩ። ከአይቤክስ ወደ ሮሃ የተሸጋገረው ባንድ ደግሞ ከሰላም ስዩም ጊታር ጋር አንድ ትውልድ ጆሮውን አሠለጠነ። የኛ ሊድ ጊታር የሚታወቀው በጩኸቱ አይደለም። ድምፃዊው ትንፋሹን ሲሰበስብ ጊታሩ ጣልቃ ይገባል፣ ያንኑ ዜማ በጥቂት ነጠላ ምት ይመልስለታል። ትዝታም ሆነ ባቲ፣ አምባሰልም ሆነ አንቺሆዬ፣ አምስት ድምፅ ብቻ ስለሆኑ እያንዳንዷ ምት ተራቁታ ትሰማለች።

ወጣቱ ሲናገር ከሰማሁት ሁሉ ልቤ ላይ የቀረው ይህ ነው፤ «እኔ የምፈልገው ክራር ሲመታ መጀመሪያ ላይ ያለችውን ጠብ የምትል ነገር ነው። እሷ ካልተሰማች ትዝታው ሾርባ ይሆናል።»

ስፒከር ለመምረጥ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም። ሰው በመጀመሪያ በአፉ መናገር ያለበት የሚፈልገውን ድምፅ ነው፤ የፋብሪካ ስም ከዚያ በኋላ ይመጣል። የክራሯን ጠብታ የሚፈልግ ሰው የላይኛው ድምፅ የጠራ ስፒከር ያስፈልገዋል። ግን ያ ብቻውን ሲሆን በሰርግ አዳራሽ ሸክላ ግድግዳ ላይ ተላትሞ ይቆርጣል፤ ሥጋ የሚሆነው መሀል ያስፈልገዋል። አንድ የድሮ ዕቃ ሰብሳቢ የ1960ዎቹን ዋናውን ፈልገህ ግዛ ሲሉ መክረውታል። ያንን ዋጋ ለሚከፍልና ስፒከሩን በሳሎን ለሚያኖር ሰው መልካም ነው። በየሳምንቱ ከቫን ለሚወርድ ሳጥን ግን ሃምሳ ዓመት ያለፈው ወረቀት ማስገባት ለወረቀቱም አይገባም። ዛሬ በድሮው መልክ የሚሠሩት ጥሩ ናቸው፤ ጥቂት ሳምንት ሲጫወቱባቸው ደግሞ ጠርዛቸው ይፍታታል፣ ድምፃቸውም ይለሰልሳል። ገዝቶ በመጀመሪያው ቀን የሚመልስ ሰው ተቻኩሏል።

የቡና ማጥለያ

ሽማግሌው ፍርዳቸውን የሰጡት ወጣቱ ከጠበቀው በተቃራኒ ነው። ሊጣል የመሰለው የተቀደደው ይድናል። ደህና የመሰለው፣ ሲገፋ የሚንኮሻኮሸው፣ ታማሚው እሱ ነው፤ ቀለበቱ ጠምሞ ማግኔቱን ይፍቃል። የሰርጉ መንሿሿትም ከሱ ነበር።

ከመሳቢያ የቡና ማጥለያ ወረቀት አወጡ። ከቅዱ ትንሽ የሚሰፋ ቁራጭ በእጃቸው ቀደዱ፤ በመቀስ የተቆረጠ ጠርዝ እንደማይያያዝ ነገሩን። ሲደርቅ የማይገግር ኮላ በቀጭኑ ቀቡና ቁራጩን ከኋላ በኩል አሳርፈው በጣታቸው ጫፍ ዳመጡት። ሌላ ንብርብር አልጨመሩም፤ ወረቀቱ ከከበደ ድምፁ ይለወጣል። «እስከ ነገ አይነካ» አሉ።

ለቀኙ ቦታ አንድ ስፒከር ብቻ ማዘዝ ተወሰነ፤ ባለ 8 ኦሙ ሰማያዊ አልኒኮ። ብሉው 15 ዋት፣ ግሪንባኩ 25 ይችላል፤ በእኩል ኦም ስለታሰሩ ጉልበቱን እኩል ይካፈላሉ፤ ለደካማው 15 እስከበቃ ድረስ 30ው አምፕ ያለጭንቀት ይሠራል። ወጣቱ የሠርግ ሙዚቃ እንጂ አምፑን ጥግ ድረስ የሚገፋ ሙዚቃ ስለማይጫወት ሽማግሌው ለዚህ ተስማሙ፤ ለሮክ ተጫዋች ቢሆን አልስማማም ነበር አሉ።

ከአሥር ቀን በኋላ ሰማያዊው መጣ። ከመታሰሩ በፊት አንድ የባትሪ ድንጋይ በሁለቱም ስፒከሮች ጫፍ ላይ ተነካ፤ ሁለቱም ወረቀቶች ወደፊት ወጡ። አንዱ ወደፊት ሌላው ወደኋላ ቢሄድ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፣ ወፍራሙ ድምፅም ይጠፋል። ብሎኖቹ እንደ መኪና ጎማ በመስቀለኛ ተራ፣ ከመጠን በላይ ሳይጠብቁ ገጠሙ፤ ከመጠን በላይ የጠበቀ ብሎን ክፈፉን ያጣምማል። ከዚያ ገመዱ ተሰካ፤ እኔ በእጄ ዳሰስኩት። አምፑ በራ።

ወጣቱ ትዝታ ጀመረ። ጠብታዋ አለች። ከኋላዋ ደግሞ የተጣፈው ወረቀት ሥጋውን ይሰጣል።

ሽማግሌው ሳይናገሩ ታማሚውን ስፒከር በካርቶን አስገብተው በማርከር ጻፉበት፤ «ቀለበቱ ያሻል፣ ማግኔቱና ክፈፉ ደህና ነው። አይጣል።» መደርደሪያው ላይ እንዲህ የተጻፈባቸው ሌሎች አሥራ አንድ ካርቶኖች አሉ።